ሁለት ጊዜ እምቢ ያለው ጊታሪስት

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር አንድ ማለዳ የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ። የግራ እጄ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት የሌላ ሰው ጣቶች ሆነው አረፉት። ክንዴን ተንተርሼ በመተኛቴ የደነዘዘ መስሎኝ ነገሩን ላልፈው ስል፣ ባለቤቴ የአፌን መጣመም አይታ ኖሮ ክርክሬን ሳትሰማ ታክሲ ጠራች። ሐኪም ቤት ስንደርስ ቀላል ስትሮክ መሆኑ ተነገረኝ። ደም ግፊቴን የለካችው ነርስ ዓይኗን ስላላመነች ደግማ ለካችው።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ ዱብ ዕዳ አልነበረም። ደም ግፊት እንዳለብኝ ከሦስት ዓመት በፊት ተነግሮኝ ክኒን ታዞልኝ ነበር። ሁለት ወር ዋጥኩና ምንም ስላልተሰማኝ ተውኩት። በሕግ ቋንቋ ልናገርና፣ ማስጠንቀቂያው ደርሶኛል፤ ፈርሜም ተቀብያለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ እንደተረትኩት ግን እኔው ነኝ የማውቀው።

ቀጥሎ የመጣው ፊዚዮቴራፒ ነው። ባለሙያዋ የደከሙት ጣቶች በየቀኑ መሥራት እንዳለባቸው ነግራ አንዲት ለስላሳ ኳስ ሰጠችኝ። ኳስ መጭመቅ በሦስተኛው ቀን ሰለቸኝ። ቁም ሣጥኑ ላይ ልጄ ለትምህርት ወደ ውጭ ሲሄድ የተወው ጊታር አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ነበርና፣ በኳሱ ፈንታ ጊታር ብሞክር ምን እንደሚመስላት ጠየቅኳት። ሳቀችና ፈቀደች። እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ ሃምሳዎቹን ከተሻገርኩ በኋላ፣ በሰፈራችን ባንድ ውስጥ ጊታር የሚጫወት፣ ጋሼ እያለ የሚጠራኝ አንድ ወጣት ጋር ተማሪ ሆኜ የተቀመጥኩት።

ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከባሬ ኮርድ ጋር ተፋጠጥን። ጊታር ነክታችሁ የምታውቁ አንባቢያን ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባችኋል። ላልነካችሁ ባጭሩ ላስረዳ። ጀማሪ ቀድሞ የሚማራቸው ኮርዶች ሁለት ሦስት ጣት ካሳረፉባቸው የቀሩት ክሮች ሳይነኩ በራሳቸው የሚያሰሙ ናቸው። ባሬ ኮርድ ይህን ምሕረት አያውቅም። አመልካች ጣት እንደ ዘንግ ተጋድሞ ስድስቱንም ክር በአንድ ጊዜ ይጫናል፤ ሌሎቹ ሦስት ጣቶች ደግሞ ከፊቱ ቅርጹን ይሠራሉ። ጀማሪን ሁሉ በሚያስለቅሰው ኤፍ ሜጀር አመልካች ጣት የመጀመሪያውን ፍሬት ይዘጋል፤ መሐል ጣት ሁለተኛው ፍሬት ላይ ሦስተኛውን ክር ይይዛል፤ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ሦስተኛው ፍሬት ላይ አምስተኛውንና አራተኛውን ክር ይይዛሉ። አንዱ ጣት ከሰነፈ ክሩ ይታፈናል ወይም እንደ ዝንብ ይጮኻል።

ድካሙ ታዲያ ዋጋ አለው። ቅርጹን ሳያፈርሱ ሁለት ፍሬት ወደፊት ቢገፉት ጂ ሜጀር ይሆናል፤ እንደገና ሁለት ቢገፉት ኤ ሜጀር። አንዱን ቅርጽ ያወቀ አሥራ ሁለቱንም ሜጀር ኮርዶች አወቀ ማለት ነው። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ማይነሩ ነው። መሐል ጣትን ብቻ አንስተው የቀረውን እንዳለ ቢተዉት፣ ሜጀሩ በቅጽበት ማይነር ይሆናል። ከኮርዱ ድምፆች አንዱ በአንዲት ፍሬት ዝቅ አለ፤ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም። ደስ የሚለው ኮርድ ግን ያዘነ ኮርድ ሆነ። ትዝታ ሜጀርንና ትዝታ ማይነርን ያዳመጠ ሰው ይህ የግማሽ ድምፅ መውረድ ሆድን እንዴት እንደሚያባባ ያውቃል።

መምህሬ ትዕግሥተኛ ነው። መጭመቅ እንደማያዋጣ፣ አመልካች ጣቴን ወደ ጎን ዘንበል አድርጌ አጥንት በሚበዛበት ጠርዙ መጫን እንዳለብኝ፣ ወደ ፍሬቱ ብረት እንድጠጋ፣ አውራ ጣቴን ከጊታሩ አንገት ጀርባ እንዳሳርፍና በክንዴ ክብደት እንድስብ አሳየኝ። አመልካች ጣቴ ትምህርቱን ተቀበለ። የቀለበት ጣቴና ትንሿ ጣቴ ግን አልሰሙም። ከሁለት ወር ልፋት በኋላ ጊታሩን አስቀመጥኩና ተከራከርኩ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1792 ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚባል ነገር አለ፤ ባለዕዳው ሊያስበው ያልቻለ ነገር ደርሶ ግዴታውን እንዳይፈጽም ፍጹም ከከለከለው ተጠያቂ አይሆንም። ስትሮክ የመታው እጅ ባሬ ኮርድ ያዝ ሊባል አይገባውም ስል ጉዳዬን አቀረብኩ።

ወጣቱ አልተከራከረኝም። ስልኩን አውጥቶ በ1930ዎቹ መጨረሻ የተቀረጸ አንድ አጭር ፊልም ከፈተልኝና ዝም አለ። ቀጭን ጢም ያለው፣ ፀጉሩ በቅባት የተለሰነ ሰው ጊታር ይጫወታል። የግራ እጁን ተመለከትኩ። በጊታሩ አንገት ላይ የሚሮጡት ሁለት ጣቶች ብቻ ናቸው። የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ወደ መዳፉ ታጥፈው ቀርተዋል። የእኔው ሁለት ጣቶች! ሰውየው ጃንጎ ራይንሃርት ይባላል። ከዚያች ምሽት ጀምሮ ስለ እሱ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። እዚህ የማወጋችሁም የእሱን ሕይወት ነው። ስለ ጃንጎ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ጃንጎ ጥር 23 ቀን 1910 ቤልጅየም ውስጥ ሊበርሺ በምትባል መንደር አጠገብ፣ በፈረስ በሚጎተት የእንጨት ቤት ውስጥ ተወለደ። የመዝገብ ስሙ ዣን ነው። ወገኖቹ ማኑሽ የሚባሉት፣ ሰው በተለምዶ ጂፕሲ የሚላቸው የሮማ ሕዝብ ናቸው። ቤተሰቡ ከአገር አገር ሲዞር ቆይቶ ልጁ ሳይጎረምስ ፓሪስ ዳርቻ፣ ድሆችና ተጓዦች በሰፈሩበት መሬት ላይ ተተከለ። ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አልቀመሰም። ማንበብና መጻፍ አያውቅም፤ ኖታ ደግሞ ጭራሽ። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ገደማ ባንጆ የሚመስል ጊታር አገኘና የትልልቆቹን ጣት እያየ ተማረ። በአሥራዎቹ አጋማሽ ላይ በፓሪስ ጭፈራ ቤቶች ከአኮርዲዮን ተጫዋቾች ጋር እየሠራ እንጀራውን ያበስል ነበር። በ1928 የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች ሲያስቀርጽ የስሙን ፊደል የሚነግር ስላልነበረ በሸክላው ላይ ስሙ ተበላሽቶ ታተመ። በዚያው ዓመት መጸው ላይ ጃክ ሂልተን የተባለው ታዋቂ እንግሊዛዊ የባንድ መሪ ሰምቶት ሥራ እንዳቀረበለት ይነገራል። ልጁ ገና አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። አግብቷል፤ ሚስቱም ነፍሰ ጡር ናት።

ሎንዶን ግን አልሄደም። ቤላ የምትባለው ሚስቱ ኑሮ ለመደጎም ሰው ሠራሽ አበባ እየሠራች ትሸጥ ነበር። አበባው የሚሠራው ከሴሉሎይድ ነው። ሴሉሎይድ ደግሞ እሳት ሲነካው እንደ ቤንዚን የሚነድ ነገር ነው። በዚያው መጸው ጃንጎ ከሥራ አምሽቶ በተመለሰበት ሌሊት ከሻማ የተነሳ እሳት አበባውን አገኘው፤ የእንጨት ቤቷ ባንድ አፍታ ነበልባል ሆነች። ባልና ሚስት በሕይወት ወጡ። የጃንጎ ቀኝ እግርና ግራ እጁ ግን ክፉኛ ተቃጠሉ።

የመጀመሪያው እምቢታ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ሐኪሞቹ እግሩ መቆረጥ እንዳለበት ወሰኑ። ጃንጎ አልፈቀደም። ቤተሰቡም ከነበረበት አወጣው፤ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሕክምናው ቀጠለ። እግሩ ዳነ፤ በከዘራ ተደግፎ መራመድ ጀመረ። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ግን ጅማታቸው ተኮማትሮ ታጥፈው ቀሩ። ከእንግዲህ ጊታር ይጫወታል ብሎ የገመተ ሐኪም አልነበረም። ወንድሙ ዮሴፍ ጊታር አመጣለት። ጃንጎ ከአደጋው በኋላ ወደ አንድ ዓመት ተኩል በፈጀው የማገገም ጊዜ ከሀ ጀምሮ እንደገና ተማረ።

የተማረው ግን እኔ መጽሐፌ ላይ ያለውን አልነበረም። ይህንን በደንብ ማየት ያስፈልጋል። በሁለት ጣት የመጽሐፉ ባሬ ኮርድ አይያዝም። ስለዚህ ስድስት ክር መያዙን ተወው፤ ኮርዱን በሦስትና በአራት ድምፅ አሳጠረው። ወፍራሙን ክር በአውራ ጣቱ ከጊታሩ አንገት በላይ ዞሮ ያዘው። ሽባዎቹ ጣቶች በራሳቸው መንቀሳቀስ ባይችሉም፣ ታጥፈው እንዳሉ ቀጫጭኖቹ ሁለት ክሮች ላይ ሊወዘፉ ይችሉ ነበርና ለኮርድ አገለገሉት። ነጠላ ዜማ ሲጫወት ደግሞ አራት ጣት ያለው ሰው ባለበት ቆሞ ከክር ወደ ክር የሚሻገረውን፣ እሱ በአመልካችና በመሐል ጣቱ የጊታሩን አንገት ሽቅብ ቁልቁል ይሮጥበታል። ያ ሩጫ አዲስ ድምፅ ወለደ። ዛሬ አራቱም ጣቶቻቸው ጤነኛ የሆኑ ጊታሪስቶች የእሱን አጨዋወት ለመምሰል ሁለቱን ጣቶቻቸውን ሆን ብለው ሲያሳርፉ ይታያል።

ከዚያ በኋላ በደቡብ ፈረንሳይ የአንድ ሠዓሊ ቤት ውስጥ የሉዊ አርምስትሮንግን ሸክላ ሰማ፤ የጃዝ ፍቅር ያዘው። በ1934 ፓሪስ ውስጥ በአንድ ትልቅ ሆቴል አብሮት ይሠራ ከነበረው የቫዮሊን ተጫዋች ስቴፋን ግራፔሊ ጋር በእረፍት ሰዓት ከመጋረጃ ጀርባ ሲጫወቱ፣ ሌሎችም ተቀላቅለዋቸው የፈረንሳይ ሆት ክለብ ኩዊንቴት የተባለው ቡድን ተወለደ። ቫዮሊን፣ ሦስት ጊታርና ደብል ቤዝ ብቻ። ከበሮ የለም፤ ጥሩምባ የለም። የከበሮውን ሥራ ወንድሙ ዮሴፍና ሌላው ጊታሪስት ኮርዱን ቆረጥ ቆረጥ እያደረጉ በመምታት ይሸፍኑታል። እነዚህ ሁለቱ ሙሉ እጅ ይዘው ከኋላ ኮርድ ሲይዙ፣ ሁለት ጣት ያለው ከፊት ሆኖ ይመራቸው ነበር። ስሙን መጻፍ ከግራፔሊ እንደተማረም ይነገራል።

መስከረም 1939 ጦርነቱ ሲፈነዳ ቡድኑ ሎንዶን ነበር። ግራፔሊ እዚያው ቀረ፤ ጃንጎ ወደ ፓሪስ ተመለሰ። ናዚዎች የሮማን ሕዝብ በመቶ ሺዎች እየቆጠሩ ይጨርሱ በነበረበት ዘመን፣ ይህ ሰው በጀርመን በተያዘች ከተማ መድረክ ላይ ነበር። ኑዋዥ፣ ትርጉሙ ደመናዎች፣ የተባለ ዜማውን በ1940 አስቀረጸ፤ ፓሪሳውያንም የሐዘናቸው መዝሙር አደረጉት። በ1943 ወደ ስዊዘርላንድ ለማምለጥ ሲሞክር ተያዘ። ሙዚቃውን የሚያውቅ ጀርመናዊ መኮንን ገጥሞት እንደተለቀቀ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ይተርካሉ። እንደገና ሲሞክር የስዊስ ጠባቂዎች መለሱት። ያም ሆኖ ተረፈ።

ጀግና ብቻ አድርጌ ልስለው አልፈልግም። ጃንጎ ገንዘብ እጁ ላይ የማይበረክት ቁማርተኛ ነበር። ቀጠሮ አያከብርም፤ መድረክ እየጠበቀው ቢሊያርድ ሊጫወት ወይም ዓሣ ሊያጠምድ የሚጠፋበት ቀን ብዙ ነው። በ1946 ዱክ ኤሊንግተን ወደ አሜሪካ ጋብዞት ሲሄድ ጊታር እንኳ ይዞ አልሄደም፤ የጊታር ፋብሪካዎች ተሻምተው የሚሰጡት መስሎት ነበር። ኒውዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ በተዘጋጀው የሁለት ምሽት ዝግጅት የመጀመሪያውን አድምቆ፣ በሁለተኛው እጅግ ዘግይቶ ደረሰ። ከፈረንሳዩ ቦክሰኛ ማርሴል ሴርዳን ጋር ተገናኝተው ጨዋታ ይዘው ነበር። እግረ መንገዴን፣ ያው ዱክ ኤሊንግተን በኅዳር 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሜዳይ መቀበሉን በዕድሜ የገፉ አንባቢያን ያስታውሱ ይሆናል። ጃንጎ ያኔ ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎት ነበር።

በ1951 ጃንጎ ከፓሪስ ወጣ ብላ በሴን ወንዝ ዳር በምትገኘው ሳምዋ ከሁለተኛ ሚስቱ ናጊንና ከልጁ ከባቢክ ጋር ተቀመጠ። ዓሣ ያጠምዳል፤ ሥዕል ይሥላል፤ አልፎ አልፎ ፓሪስ ሄዶ ይጫወታል። በዚያ ዘመን ያስቀረጻቸው ሥራዎች በኤሌክትሪክ ጊታር ሲሆኑ ከቀድሞው የተለየ አዲስ አቅጣጫ ያሳያሉ። ከዚያ ራስ ምታት ጀመረው። በ1953 ጸደይ ሕመሙ በረታ፤ እነዚያ ጤነኛ ጣቶቹም ይደነዝዙ ጀመር። ወዳጆቹ ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ ወተወቱት። እምቢ አለ። ሁለተኛው እምቢታ ይህ ነው። ሐኪም ቤትን የሚያውቃት እግሩን ሊቆርጡ ካሰቡት ሰዎች ጋር ነውና ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ መገመት አያስቸግርም። ግንቦት 16 ቀን ፓሪስ ተጫውቶ በባቡር ሲመለስ፣ ከጣቢያው በእግሩ መጥቶ ቤቱ ደጃፍ ወደቀ። ሐኪም እስኪገኝ ብዙ ሰዓት አለፈ። በአንጎሉ ውስጥ ደም ፈሶ ነበር። አርባ ሦስት ዓመቱ ነው።

ይህንን ካነበብኩ በኋላ ለብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ የሁለቱ እምቢታዎች ነገር ነው። ስለ ጃንጎ የሚጻፈው አብዛኛው ታሪክ የመጀመሪያውን ያደንቃል፤ በሁለተኛው ላይ አዝኖ ያልፋል። አንድ ግትርነት ያዳነውም የገደለውም ይመስላል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። የሕግ ሰው አመሌ ሆኖ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አንድ አይደሉም።

የመጀመሪያው ይግባኝ ነበር። የተሰጠውን ውሳኔ አልቀበልም አለ እንጂ ሕክምናን አልካደም፤ ወደ ሌላ ሐኪም ሄደ፤ ሌላ ፍርድ ጠየቀ፤ ለወራት አልጋ ላይ ተኝቶ የታዘዘለትን ተቀበለ። ሁለተኛው ግን ችሎት አለመቅረብ ነው። ክሱ ምን እንደሆነ እንኳ ሊሰማ አልፈለገም። በሌለበት ተፈረደበት። በ1953 የነበረው ሕክምና ያድነው እንደነበር ማንም ማረጋገጥ አይችልም። ይግባኝ ያለ ሰው ግን ቢያንስ መዝገቡን ያስከፍታል።

የእኔን እምቢታ ሳየው የየትኛው ወገን እንደሆነ ለመናገር አፍራለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ክኒኑን የተውኩት የሌላ ሐኪም ምክር አግኝቼ አይደለም፤ መዝገቡ እንዳይከፈት ፈልጌ ነው። በዚህች ከተማ እንደኔ መሳቢያው ውስጥ ያልተዋጠ ክኒን፣ ያልተከፈተ የምርመራ ውጤት የያዘ ስንት የተማረ ሰው አለ! ለመኪናችን ዘይት የምንቀይርበትን ቀን ጽፈን እንይዛለን፤ ደም ግፊታችንን ግን የተለካነው መቼ እንደነበር ብንጠየቅ መልስ የለንም። አሁን ክኒኔን ጠዋት ጠዋት እውጣለሁ፤ ባለቤቴ ምስክር ናት።

ከመምህሬ ጋር የነበረኝን ክርክርም ተረታሁ። ያው ቁጥር 1792 ራሱ፣ ግዴታውን ይበልጥ ከባድ ያደረገ ነገር ብቻውን ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል እንደማይባል ይደነግጋል። የጃንጎ እሳት ከአቅም በላይ ነበር ቢባል የሚከራከር ዳኛ አይገኝም። እሱ ግን ያንን መከላከያ አላነሳም፤ ግዴታውን በሌላ መንገድ ፈጸመ። የእኔ ስትሮክ ነገሩን ከባድ አድርጎታል እንጂ አልከለከለኝም።

ስለዚህ ከወጣቱ ጋር ተስማማን። ኤፍን አሁን የምይዘው አመልካች ጣቴን አሳጥሬ ሁለቱን ቀጫጭን ክሮች ብቻ በመጫን ነው፤ መሐል ጣቴ ሦስተኛውን ክር ይይዛል፤ የቀለበት ጣቴ አራተኛውን እየተንቀጠቀጠ ይሞክራል። አራት ክር ነው፤ ግን ኤፍ ነው። ትንሿ ጣት ገና ነች። ፊዚዮቴራፒስቷ ባለፈው ሳምንት ስትለካት ካለፈው ወር ይልቅ መጠንከሯን ነገረችኝ። የሸሚዜን ቁልፍ ግን አሁን ራሴ ነው የምቆልፈው።